ጥጥ የምትበላው አይጥ

በማሠልጠኛው ስሟ ሰባት ነው። መታወቂያዋ ላይ ሌላ ስም አለ፤ ግን እዚያ ግቢ ውስጥ በዚያ ስም የጠራት ሰው የለም። ክፍሏ ሰባት ቁጥር ነው፤ የምትይዘው የታካሚ ታሪክ ሰባተኛው ነው፤ ስለዚህ እሷም ሰባት ሆና ቀረች። የበሩ ጥበቃ እንኳ «ሰባት፣ ዛሬ ምነው ፊትሽ?» ይላታል። ፊቷ ግን ሁልጊዜም ያው ነው።

ሥራዋ መታመም ነው። ሐኪሞችና ነርሶች ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸውን ሰዎች ማከም ሲሠለጥኑ፣ አፋቸውን የሚያፍታቱት በእሷና በባልደረቦቿ ላይ ነው። ሰኞ ሠልጣኞቹ ሰሌዳ ላይ ያፈጣሉ። ማክሰኞና ረቡዕ ይለማመዳሉ። ሐሙስ ይፈተናሉ። ዓርብ የወደቀ ይደግማል፣ ያለፈ የምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ክሊኒኩ ይመለሳል። በሚቀጥለው ሰኞ ሌሎች ይመጣሉ፤ ሰባትም እንደገና ትታመማለች።

የሰባት ታሪክ አንድ ገጽ ነው። ዕድሜዋ ሃያ ስምንት፣ ልብስ ሰፊ፣ ባለትዳር። መድኃኒት ከጀመረች ስምንት ወሯ ነው፤ በደሟ ያለው የቫይረስ መጠን መውረድ ሲገባው ወጥቷል። ለምን? ባሏ እንዳያውቅባት እየደበቀች ስለምትውጥ፣ መደበቂያ ስታጣ ትዘለዋለች። ይህን ለማወቅ ሠልጣኙ አሥራ አምስት ደቂቃ አለው። ከተቆጣት ምላሷን ትውጣለች። «ለምን ዘለልሽ?» ካላት «ረስቼ» ትለዋለች። «መድኃኒቱን የት ነው የሚያስቀምጡት?» ብሎ በደህና አንደበት ከጠየቃት ግን እውነቱን ታወጣለታለች፤ አሥረኛው ደቂቃ ላይም ታለቅሳለች። ዕንባዋ ሰዓት ያውቃል። ድሮ ድሮ ለማልቀስ አንድ የሚያሳዝን ነገር ታስታውስ ነበር፤ አሁን ምንም አታስታውስም፤ የግድግዳውን ሰዓት ታይና ይወርዳል።

ዋናው አሠልጣኝ ሁሉም ዶክተሩ የሚሉት ረጅም ሰውዬ ነው። ሰኞ ሰኞ ያችኑ ንግግር ያደርጋል። «ከታካሚዎቻችን አንዳንዶቹ ተዋናዮች ናቸው። አንዳንዶቹ ቫይረሱ ያለባቸው ናቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ አንነግራችሁም፤ እናንተም አትጠይቁም። ክሊኒካችሁም ስትገቡ ፊት አይታችሁ አትለዩም።»

ሠልጣኞቹ አይጠይቁም። ይገምታሉ። በሻይ ሰዓት ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ፣ ክፍል ሦስት ውስጥ የሚሠራው ጋሼ ሦስት በሩቁ እያየ ይስቃል። ጋሼ ሦስት ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሆዱ ከበሩ ቀድሞት ይገባል፤ መድኃኒት አልወስድም የሚል እልኸኛ ሰውዬ ሆኖ ነው የሚተውነው።

«እኔን አንድ ሰው እንኳ ጠርጥሮኝ አያውቅም» ይላታል። «አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ውጬ ውጬ፣ ይህ ሆድ ጋረደኝ። አንቺን ደግሞ ያየሽ ሁሉ 'እሷስ አለባት' ነው የሚለው። ምን ታደርጊዋለሽ፣ ሥጋ አልፈጠረብሽ።»

ልክ ነው። ሰባት ቫይረሱ አለባት። አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። መጠኑ በምርመራ የማይታይ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ከማን እንደያዛት ታውቃለች፤ ሰውዬው ሞቷል፤ ይብቃ። በማሠልጠኛው የሚያውቁት ዶክተሩና ጋሼ ሦስት ናቸው። በቤት ማንም አያውቅም።

ቤቱ የታናሽ ወንድሟ ነው። እሷ ከኋላ ባለችው ክፍል ትኖራለች፤ ከእነሱ መኝታ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ። ወንድሟ ቆርቆሮ ገጣሚ ነው፤ ማለዳ ወጥቶ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይመለሳል። ሚስቱ ነርስ ናት። ከተጋቡ ስምንት ዓመት ቢሆናቸውም ሰፈሩ በሙሉ፣ ባሏም ጭምር፣ ሙሽሪት ነው የሚላት። ሙሽሪት ሰባትን እትዬ ትላታለች። ልጃቸው ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጉንጯ ድምቡሽ ያለ ስለሆነ ድምቡሼ ነው የምትባለው።

ድምቡሼ ጠዋት ጠዋት ማበጠሪያና የቅባት ዕቃዋን ይዛ የሰባትን በር በእግሯ ትገፋለች። ጭኖቿ መሃል ገብታ ቁጭ ትላለች። ሰባት ፀጉሯን ትከፍላለች፣ ትፈታለች፣ ትጎነጉናለች። ልጅቷ ስለ ትምህርት ቤት ታወራለች፤ ማን ማንን እንደመታ፣ ማን ሱሪው ላይ እንደሸና። ሰባት «እ» ትላለች። ከቀኑ ውስጥ የምትፈልጋት ሰዓት ያቺ ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ ቢቀርባት ዞር ብላ አታየውም ነበር።

የድምቡሼ ግራ ጆሮ ጉንፋን በያዛት ቁጥር ይመግላል። ስለዚህ ሙሽሪት እሑድ እሑድ ከጥቅል ጥጥ እየቀደደች ቀጫጭን አድርጋ ትጠመዝዛለች፤ የጆሮ ማድረቂያ። ጆሮ ውስጥ እንዳይቀር ጫፉን በሰማያዊ ክር ታስረዋለች። የሳምንቱን ጠምዝዛ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ታስቀምጣለች። ሳምንቱ ሳያልቅ ጣሳው ባዶ ይሆናል።

«በዚህ ቤት ጥጥ የምትበላ አይጥ አለች» ትላለች ሙሽሪት።

«ተያት ትብላ» ይላል ባሏ። «ስትወፍር ትራስ ትሆነናለች።»

አይጧ ሰባት ናት። ሠላሳ ክኒን በብልቃጥ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ድምፅ አለው። መድኃኒት በጀመረችበት ዓመት፣ ወንበር ያጣችበት አውቶቡስ ውስጥ፣ ቦርሳዋ ሲንሿሿ አንዲት ሴት ዞር ብላ ቦርሳዋን አየች፤ ከዚያ ፊቷን አየች። ሰባት በነጋታው ብልቃጡን በጥጥ ጠቀጠቀችው። ከዚያ ወዲህ የሷ ብልቃጥ ጮሆ አያውቅም። ጥቅሉን ራሱን ብትቦጭቅ ይታወቅ ነበር፤ ከጣሳው አንድ ሁለት ማንሳት ይቀላል። ክሩን ፈትታ ትጥለዋለች።

አስቂኙ ነገር፣ ለፈተና የምትይዘውንም የማሠልጠኛውን ብልቃጥ ትጠቀጥቀዋለች። ውስጡ ያለው የአጥንት ማጠናከሪያ ክኒን ነው፤ ቢንኳኳ የሚገደው የለም። እጇ ግን ይህን አያውቅም። ሠልጣኞቹ ክኒን ሊቆጥሩ ሲከፍቱት ጥጡን ከፋብሪካ የመጣ መስሏቸው ወደ ጎን ይጥሉታል። ሰባት በነጋታው ሌላ ትወትፋለች።

እሑድ ማታ ራት ላይ ሙሽሪት ዜና ነበራት። «ክሊኒካችን ውስጥ ወደ ኤች አይ ቪ ክፍል አዛወሩኝ። ከነገ ጀምሮ አምስት ቀን ሥልጠና አለኝ።»

«የት?» አለች ሰባት።

ሙሽሪት ነገረቻት። ሰባት ጎርሳ አላመጠች። ለቤቱ ሰዎች ቢሮ ውስጥ የወረቀት ሥራ እሠራለሁ ብላ ነው የኖረችው። አመመኝ ብላ ሳምንቱን መቅረት ትችል ነበር። ጠዋት ስትነሳ እግሯ እንደለመደው ወሰዳት።

ሰኞ በሻይ ሰዓት ሙሽሪት ብርጭቆ እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ገትር ብላ ቀረች። ከሰባት ደረት ላይ የተንጠለጠለውን ቁጥር አየች።

«እትዬ! አንቺ ነሽ እንዴ ታካሚዋ?»

ሠልጣኞቹ ሁሉ ዞሩ። ሰባት ቁጥሩን በእጇ ሸፈነችው። ጋሼ ሦስት ሆዱን አስቀድሞ መሃላቸው ገባ።

«ተዋናዮች ነን ልጄ። ሽልማቱ ብቻ ነው የቀረብን። እኔ በሳምንት አራቴ እታመማለሁ፤ ያጨበጨበልኝ ሰው ግን የለም።»

ሙሽሪት ሳቀች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ውይ ተመስገን! ልቤ ስንጥቅ ሊል ነበር። ተዋናይ ሆነሽ ነው ለካ 'ወረቀት ወረቀት' ስትዪን የከረምሽው! ይህ ምን ያሳፍራል?» ከዚያ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እውነቴን ነው የምልሽ፣ ለአፍታ ያሰብኩት ድምቡሼን ነው። በየጠዋቱ ጭንሽ ውስጥ አይደለች እንዴ።»

«አዎ» አለች ሰባት።

«እኛ የምናውቅ ሰዎች እንዲህ ከሆንን ሌላው ምን ይሆናል?» አለች ሙሽሪት፤ ሻይዋንም ጠጥታ ሄደች።

ሰባት ይህንን ንግግር እንደ ደረሰኝ ኪሷ ከተተችው። አልተናደደችም። ከመናደድ በፊት የሚመጣው ነገር ድሮ አልቆባታል። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሦስት «ዶክተሩ ከሷ ተራ ያውጣሽ፤ ዘመድ ናት በዪው» አላት።

«ብወጣ ለምን ወጣች ትላለች።»

«ብትገቢስ?»

«ብገባ ታካሚ ነኝ። ሥራዬ ነው።»

ማክሰኞና ረቡዕ ሙሽሪት በሌሎች ክፍሎች ተለማመደች። ጎበዝ ነበረች፤ መመሪያውን ውሃ አድርጋ ጠጥታዋለች። ማታ ማታ ወጥ እያማሰለች ጮክ ብላ ታነበንባለች፤ በመጨባበጥ አይተላለፍም፣ በዕቃ አይተላለፍም፣ መጠኑ የማይታይ ከሆነ በግብረ ሥጋም አይተላለፍም። ድምቡሼም ተከትላት «አይተላለፍም! አይተላለፍም!» እያለች ትዘላለች። ሰባት ከደጅ ሆና ሽንኩርት ትልጣለች።

ሐሙስ ጠዋት ሰባት ረፍዶባት ነበር። ድምቡሼ አንዱን ጫማዋን አጥታ ቤቱ ተተረማምሷል። ሰባት ከጣሳው ሦስት አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረች። ማሠልጠኛው ስትደርስ ደወል ሊመታ ደቂቃ ቀርቶታል፤ ቆማ ብልቃጡን ጠቀጠቀችው፣ ከደነችው፣ ክፍሏ ገብታ ቁጭ አለች። ክሩን አልፈታችውም።

ክፍል ሰባት ከሳንቃ የተከፈለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የእጅ ማጽጃ፣ ሶፍት፣ ሰዓት። ጥግ ላይ ታዛቢው ቅጹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ አይናገርም፣ ነጥብ ይይዛል። ቅጹ ላይ አሥራ ሁለት መስመር አለ። አሥራ አንዱን ታዛቢው ይሞላል። የመጨረሻዋን የምትሞላው ታካሚዋ ናት፦ «ወደዚህ ባለሙያ ተመልሼ እመጣለሁ። አዎ / አይ።» አይ ከተባለ ሌላው ሁሉ ሙሉ ቢሆንም ዓርብ ይደገማል። ዶክተሩ በዚህች መስመር አይደራደርም።

ሙሽሪት አራተኛ ሆና ገባች። በሩን አንኳኳች፤ አንድ ነጥብ። ስሟን ተናገረች፤ አንድ ነጥብ። ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ ወደ ጎን አምጥታ ተቀመጠች።

«በምን ስም ልጥራዎት?»

«ሰባት።»

ሙሽሪት ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። እትዬን «እርስዎ» ስትል የመጀመሪያዋ ነው። «እዚህ የምንነጋገረው ከዚህ ክፍል አይወጣም፤ ለቤተሰብዎም ቢሆን» አለች።

ለስድስት ደቂቃ ሁሉም እንደ ወረቀቱ ሄደ። ሰባት አቀርቅራ መለሰች። ሙሽሪት አልተቆጣችም፣ አልቸኮለችም። «መድኃኒትዎን ይዘውታል? አብረን ብንቆጥረው ቅር ይልዎታል?»

ሰባት ብልቃጡን አቀበለቻት። ሙሽሪት፣ ነርስ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ጆሮዋ አጠገብ ነቅነቅ አደረገችው። ዝም። እንደገና ነቀነቀችው። ከዚያ ክዳኑን ከፍታ በሁለት ጣት ጥጡን ሳበች። ተጠምዝዟል፤ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ክር አለ። ሁለተኛውን ሳበች። ሦስተኛውን። ሦስቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አጋደመቻቸው።

ሰባት ክሮቹን አየች። ልቧ ይደልቃል ብላ ጠበቀች፤ አልደለቀም። የሰማችው የሰዓቱን ድምፅ ብቻ ነው።

ሙሽሪት ክኒኖቹን አልቆጠረችም። ታዛቢው እስክሪብቶውን ከፍ አድርጎ ጠበቀ።

«ይህ…» አለች ሙሽሪት። «ይህ ድምፅ እንዳይሰማ ነው?»

«አዎ።»

«ማን እንዳይሰማው?»

ወረቀቱ ላይ መልሱ «ባሌ» ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ባሌ ስትል ኖራለች።

«የቤት ሰው» አለች ሰባት።

ታዛቢው ወረቀቱን ገለጥ አደረገ።

«አንዳንዶቹ ተዋናዮች… አንዳንዶቹ ደግሞ…» ሙሽሪት ቃሉ ጠፋባት። «ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«አሥራ አንድ ዓመት።»

«አሥራ አንድ» አለች ሙሽሪት፤ እሷ ከማግባቷ፣ ድምቡሼም ከመወለዷ በፊት መሆኑን በዓይኗ እየደመረች። አሥረኛው ደቂቃ አለፈ። ሰባት አላለቀሰችም፤ ሰዓቱን ረስታዋለች። «የቤት ሰው ቢያውቅ… ምን ይሆናል ብለው ነው የሚፈሩት?» ይህ ጥያቄ መመሪያው ውስጥ ያለ ነው። መስመር ዘጠኝ።

«ልጅ አለች። ፀጉሯን የምሠራላት እኔ ነኝ። ይከለክሉኛል።»

ሙሽሪት ጥጦቹን አየች። ከዚያ መናገር ጀመረች፤ እንደ መዝገብ፣ ሳታቋርጥ። በማበጠሪያ አይተላለፍም። በንክኪ አይተላለፍም። መድኃኒትዎን በትክክል ከወሰዱ መጠኑ አይታይም፣ ለልጅቷ አያሰጉም፣ የሚከለክልዎት ምክንያት የለም። አንድ ቃል አልሳተችም። ታዛቢው ሙሉ ነጥብ ጻፈ። ደወሉ ተመታ። ሙሽሪት ስትነሳ ሦስቱን ጥጥ አንስታ መልሳ ብልቃጡ ውስጥ ጠቀጠቀችና ከደነችው። ይህ ቅጹ ላይ የለም።

ታዛቢው የመጨረሻዋን መስመር ለሰባት አቀበላት። ሰባት እስክሪብቶውን ይዛ ቆየችና ባዶውን መለሰችለት። «በኋላ እሞላዋለሁ።»

ማታ ቤት ውስጥ ሁሉም እንደወትሮው ነበር። ሙሽሪት «እትዬ፣ ጨው አቀብዪኝ» አለቻት። የሰባት ወንድም አንድ ደንበኛው የተቆለፈበትን በር ትቶ በመስኮት ሲገባ መሃል ላይ እንደተቀረቀረ ነገራቸው፤ ሙሽሪትም ሳቀች፤ ትንሽ ዘግይታ። ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ሰባት ገብታ ተኛች።

ዓርብ ጠዋት በሯ አልተገፋም።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ግድግዳው ቀጭን ነው። የማበጠሪያው ድምፅ መጣ፤ ከዚያ የድምቡሼ ጩኸት።

«አሳመምሽኝ! አክስቴ ትሥራኝ!»

«ዝም በዪ። አክስትሽ ደክሟታል ዛሬ።»

«አልደከማትም!»

«አልኩሽ እኮ!»

ሰባት ተነሳች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ክኒኗን ዋጠች፣ ሄደች። በመንገድ ላይ ድምቡሼ ከፊቷ ከእናቷ ጋር ስትሄድ አየቻት። የፀጉሯ መስመር ሰካራም እንደሣለው ካርታ ተጣሟል። ሰባት ከኋላቸው ቀስ ብላ ተራመደች።

የማሠልጠኛው ጸሐፊ ኮሪደር ላይ ያዘቻት። «ሰባት፣ ይህቺን አልሞላሽም።» ሰባት ቅጹን ግድግዳው ላይ አስደግፋ «አይ» ላይ ምልክት አደረገች። ጋሼ ሦስት በትከሻዋ አጮልቆ አየና ሳይቀልድ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ከሱ የማይጠበቅ ነው።

ዶክተሩ አስጠራት። «ይህቺ ልጅ አሥራ አንዱንም ሙሉ አምጥታለች። ምክንያትሽ ምንድነው?»

«የተናገረችውን አላምናትም።»

ዶክተሩ ቅጹን አጠፈው። «ይበቃል» አላት።

ስለዚህ ከምሳ በኋላ ሙሽሪት እንደገና ክፍል ሰባትን አንኳኳች። ታዛቢው ያው ነው፣ ጥግ ላይ። ወንበሯን ወደ ጎን አላመጣችም፤ እንዳለ ተቀመጠችበት። ስሟን አልተናገረችም። ነጥቡ ሄደ።

«ትናንት አይተላለፍም ብዬዎት ነበር» አለች።

«ብለሽኛል።»

«ልክ ነበርኩ። አሁንም ልክ ነኝ። ውሸት አልነገርኩዎትም።» ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። «ዛሬ ጠዋት ግን ልጅቷ ማበጠሪያዋን ይዛ ስትወጣ እጄ ሄዶ ያዛት። አልላክኩትም እኮ። ራሱ ሄደ። አሥር ዓመት ነርስ ነኝ፣ የማውቀውን ሁሉ አውቃለሁ፤ እጄ አልሰማም።»

ይህ የትኛውም መስመር ላይ የለም። ታዛቢው መጻፍ ትቷል።

«ይህንን ነበር ትናንት መናገር የነበረብሽ» አለች ሰባት በመጨረሻ።

«ትናንት አላወቅኩትም። ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅኩት።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለባልሽስ?»

ሙሽሪት ቀና አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣች። «ምን ነው እትዬ! ነርስ ነኝ እኮ!»

ታዛቢው «እትዬ» የምትለዋን ሰምቶ አንዷን ከሌላዋ እያፈራረቀ አየ። ማንም አላስረዳውም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች ሰባት። ድምጿ የታካሚዋ ይሁን የራሷ እሷም አልለየችውም።

«ነገ ልጅቷ ትመጣለች። እኔ ግን አጠገባችሁ ልቁም። እጄ እስኪለምድ።»

«ቆመሽ ልትጠብቂኝ።»

«እርስዎን አይደለም። እጄን።»

ደወሉ ተመታ። ታዛቢው ቅጹን ሲያቀብላት አሥራ አንዱ መስመሮች ላይ ግማሹን ነጥብ ቆርጦባታል፤ ማለፊያውን በጭንቅ ነክታለች። ሰባት የመጨረሻዋን ጥያቄ እንደገና አነበበቻት። ተመልሼ እመጣለሁ። የት ትሄዳለች? መኝታቸውን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። «አዎ» ላይ ምልክት አደረገች።

ቅዳሜ በሯ በእግር ተገፋ። ድምቡሼ ማበጠሪያዋን፣ ቅባቷንና ቅሬታዋን ይዛ ገባች። «እማዬ ትናንት ጭንቅላቴን ነቀለችው» አለችና ጭኖቿ መሃል ተሸጎጠች። ከኋላዋ ሙሽሪት መጣች፤ አልገባችም። መቃኑን ተደግፋ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ቀበረቻቸው።

ሰባት የትናንቱን ጉንጉን መፍታት ጀመረች። ማበጠሪያው ሲወርድ የሙሽሪት ዓይን አብሮ ይወርዳል፤ ሲወጣ ይወጣል። ሰባት ይህ ዓይን ጣቶቿ ላይ ሲያርፍ ይሰማት ነበር፤ እንደ ሌላ ሰው ጣቶች። ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል። ቢሆንም ሠሩ።

«ዛሬ ደግሞ ቀስ አልሽ» አለች ድምቡሼ።

«እ።»

«እማዬ ለምን ቆመሽ ታዪናለሽ?»

«እየተማርኩ ነው» አለች ሙሽሪት።

«ፀጉር መሥራት?»

«አዎ።»

«መማርስ አለብሽ» አለች ድምቡሼ።

ግማሹ አለቀ። ሰባት ሁለተኛውን ወገን ከፈለች። በሩ ላይ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። አንዴ ማበጠሪያው ቋጠሮ ሲይዝ ልጅቷ «ኣይ!» አለች፤ ሙሽሪት ከመቃኑ ተላቀቀች፣ አንድ እርምጃ ገባች፣ ቆመች፣ መልሳ ተደገፈች። ሰባት አየቻት፤ እንዳላየች ሆነች።

«መስመሩን ቀጥ አድርጊው እንጂ» አለች ሙሽሪት።

«አንቺ ነሽ ስለ መስመር የምታወሪው?»

ድምቡሼ ተንከተከተች። ስትስቅ ጭንቅላቷን አዘነበለችና ግራ ጆሮዋ ታየ፤ ረጥቧል።

«እማዬ፣ ጆሮዬ ፈሰሰ።»

ሙሽሪት ሄዳ ጣሳውን ይዛ መጣች። ክዳኑን ከፈተችው። ባዶ ነው። ገልብጣ ሁሉ አየችው።

«አይጧ በልታዋለች» አለች።

«በልታዋለች» አለች ሰባት።

ሙሽሪት ጣሳውን ይዛ ቆመች። ጥጥ ያለው መድኃኒት ቤቱ ነው፤ መንገዱን ተሻግሮ፣ ሄዶ ለመመለስ ሩብ ሰዓት። ልጅቷን አየች። ግማሽ ጭንቅላቷ ተጎንጉኗል፣ ግማሹ እንደ ቁጥቋጦ ቆሟል፤ እንዲህ ሆና ደጅ አትወጣም። ማበጠሪያውን አየች። ከዚያ እጇን አየች።

«ሁለት ጥቅል ገዝቼ እመጣለሁ» አለች። «አንዱ የአይጧ ነው፤ ከዚህ በኋላ የልጄን እንዳትነካብኝ።»

ነጠላ ጫማዋ ግቢውን አቋርጦ ሲሄድ ተሰማ። የውጭው በር ተከፈተ፤ ትንሽ ሳይዘጋ ቆየ፤ ከዚያ ተዘጋ።

ሰባት ባዶውን መቃን አየች። የሚሰማት ነገር እንዳለ ፈለገች፤ ካለም ገና አልደረሰም።

«ቀጥዪ እንጂ» አለች ድምቡሼ።

ቀጠለች።